በስም ዝርዝሩ ላይ የተጨመረው ሰው

ካፒቴን ኢሌርት ሱንደ ያንን ስም ሲጠራ የቦርግሂልድ ኔሴት እርሳስ ወረቀቱ ላይ ቀጥ አለ።

«ማን አሉ?» አለች። ቃል የምትጽፍ ሴት በምስክር ንግግር መሃል አትገባም፤ እሷም በሃያ ዓመት የጸሐፊነት ዘመኗ አንድም ቀን ገብታ አታውቅም።

«አንቶን ሊስጎርድ» አለ ካፒቴኑ። ሁለቱ እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለው ጉልበቱ ላይ ተቀምጠዋል፤ የጀልባው መቅዘፊያ የላጠው መዳፍ ገና አልዳነም። «የሰርጓጅ መርከቡ መኮንን እሳት አንዳጁ አንቶን ሊስጎርድ የት አለ ነው ያለኝ። እኔ እንደዚህ የሚባል ሰው የለኝም አልኩት።»

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ኸርማን ትቬተን መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ወይዘሪት ኔሴት፣ ስሙን ሰምተዋል። ይቀጥሉ።»

ቀጠለች። እጇ ቀጠለ ማለት ይሻላል፤ እሷ ራሷ ክው ብላ ቀርታለች። ስሙን ታውቀዋለች። ሰውየውን በዐይኗ አይታው አታውቅም፤ ስሙን ግን በገዛ ጣቶቿ በጽሕፈት መኪና መትታዋለች። ሊስጎርድ እናቷ የተወለደችበት መንደር ስም ስለሆነ ያን ዕለት ልብ ብላው ነበር። የመታችው ግን የዚህን የካፒቴን ሱንደን መርከብ፣ የሶልብሪስን ሰዎች ስትጽፍ አልነበረም። የሃቭዲስን ሰዎች ስትጽፍ ነው። ሶልብሪስ ባሕር ሥር ናት። ሃቭዲስ ደግሞ ከወደቡ ውጭ ካሉት ደሴቶች አጠገብ ቆማ፣ ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መልሕቋን ልታነሣ ነው።

ይህ የሆነው በበርገን ከተማ፣ ታላቁ ጦርነት ሦስተኛ ዓመቱን ባጋመሰበት በመጋቢት ወር ነው። ኖርዌይ ከተዋጊዎቹ ጋር አልነበረችም። ሁለቱ ወገኖች አንዳቸው የሌላውን ሕዝብ በረሃብ ሊያንበረክኩ ባሕሩን ሲዘጉ፣ በመሃል የሚያልፈው ገለልተኛ መርከብ ከሁለቱም በኩል ይፈተሻል፣ ይጎተታል፣ ይሰምጣል። በየሳምንቱ ከወደቡ የወጣ አንድ ሁለት መርከብ ሳይመለስ ይቀር ነበር። ለእነዚህ መርከቦች ጉዳይ የተቋቋመው ትንሽ ጽሕፈት ቤት ከወደቡ ፊት ለፊት፣ ከገመድ መጋዘን በላይ ነበር፤ ሠራተኞቹም ትቬተንና ቦርግሂልድ ብቻ ነበሩ።

ትቬተን እጅግ ጠንቃቃ ሰው ነው። በቢሮው ውስጥ የተዋጊዎቹን አገሮች ስም መጥራት ከልክሎ «አንደኛው ወገን» እና «ሁለተኛው ወገን» ነበር የሚያሰኘው። ግድግዳው ላይ የነበረውን ካርታ እንኳ፣ የተሰኩበት መርፌዎች ለአንዱ ያደሉ ይመስላሉ ብሎ አውርዶታል። የወደቡ ሰዎች «ትቬተን ድንች ሲገዛ ከሁለት ነጋዴ እኩል እኩል ነው የሚያስመዝነው» እያሉ ይስቁበታል። እሱም ይሰማል፤ አይከፋውም።

ይህ ሰው በክረምቱ መጀመሪያ ላይ ሰርጓጅ መርከቦቹን ካሰማራው ከአንደኛው ወገን ጋር በቃል ብቻ አንድ ነገር ተስማማ። አንድ መርከብ ከመውጣቱ በፊት ስሙ፣ ቀለሙ፣ ጭነቱ፣ መስመሩ፣ የሚወጣበት ቀንና የመርከበኞቹ ስም ዝርዝር ለዚያ ወገን ቆንስል በእጅ ከተሰጠ፣ ሰርጓጆቹ ሳይነኩት ያሳልፉታል። ሁለተኛው ወገን ይህን ቢሰማ «ለጠላቴ ወሬ ታቀብላላችሁ» ብሎ ለኖርዌይ የሚልከውን ከሰል በአንድ ቀን ያቆመዋል። ስለዚህ ካፒቴኖቹም ራሳቸው አያውቁም ነበር። ስድስት መርከቦች በዚህ ሁኔታ ሄደው በሰላም ደረሱ። ስድስተኛዋ የደረሰች ቀን ትቬተን ግማሽ ኪሎ ስኳር ከየት እንዳመጣው ሳይናገር ቦርግሂልድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦላት ሄደ፤ ያ ለሱ እልልታ ነው።

ሰባተኛዋ ሶልብሪስ ነበረች።

«ከመጀመሪያው ይንገሩን» አለ ትቬተን።

«ከመጀመሪያው?» አለ ካፒቴኑ። «ጠዋት ነው። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ተኝቷል። ሰርጓጁ አላሳደደንም፤ ፊት ለፊታችን ቆሞ ጠበቀን። ቀጠሮ እንዳለው ሰው። መኮንኑ ልጅ እግር ነው፣ ጨዋ ነው፣ ከኛ ቋንቋ የሚያውቀውን ያህል በትሕትና ነው የሚናገረው። ጀልባ ላይ ውረዱ አለን፤ በሁለት ጀልባ ወረድን። ጀልባዎቹን ከጎኑ አስሮ ከኪሱ ወረቀት አወጣና ስማችንን ይጠራ ጀመር።»

«ስማችሁን?» አለ ትቬተን። ድምፁ አልተለወጠም፤ ጆሮዎቹ ግን ነጡ።

«የሁላችንንም። በተራ። እንደ አስተማሪ። ወጥ ቤቴ ሶልፌስት ሲጠራ እንደ ተማሪ እጁን አውጥቶ አቤት አለ፤ ሁላችንም ሳቅን። ስማችንን እያወቀ አይገድለንም ብለን ነው እኮ የሳቅነው። ኋላ አንቶን ሊስጎርድ አለ። ማንም አቤት አላለም። ደግሞ ጠራ። እንደዚህ የሚባል ሰው የለም፣ እኛ አሥራ ዘጠኝ ነን አልኩት። ወረቀቴ ሃያ ይላል፣ አንድ ሰው ደብቀሃል፣ የጠላት ሰላይ ይዘሃል አለ። ያኔ ጨዋነቱ ጠፋ። ሰዎቹን ልኮ መርከቤን ከከሰል ማስቀመጫው እስከ ዱቄቱ በርሜል ሁለት ሰዓት ሙሉ አስፈተሸ። እኛ ታስረን ተቀምጠናል። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ መነሣት ጀመረ።»

«ከዚያ?»

«ከዚያ የሚፈልገውን ሰው ሲያጣ ፈንጂ አስቀምጦ መርከቤን አሰመጣት። ገመዳችንን በመጥረቢያ ቆርጦ ሄደ። ሁለት ሰዓት ቀድሞ ቢለቀን ኖሮ በዚያ ጸጥታ በአቅራቢያው ወዳለው ደሴት እንደርስ ነበር። ሁለተኛይቱ ጀልባ በዐይኔ ፊት ተገለበጠች። አሥራ አንድ ሰው ነበረባት። ሶልፌስትም እዚያ ነበር። በኔዋ ከኔ ጋር ስምንት ሰው ነው፤ መመለስ አልቻልኩም። ይህንንም ጻፊው፣ ወይዘሪት። መመለስ አልቻልኩም።»

ጻፈችው።

ካፒቴኑ ቃሉ በመኪና እስኪመታ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እንዲቆይ ተነገረው። በሩ ሲዘጋ ቦርግሂልድ ተነሥታ ወደ ብረት ሣጥኑ ሄደች። የካርቦን ቅጂዎቹ በቀን ተደርድረው ነበር። የሶልብሪስን አወጣች። ካፒቴን፣ ምክትል ካፒቴን፣ መካኒክ እያለች በጣቷ ወረደች። አሥራ አራተኛው መስመር ላይ አንቶን ሊስጎርድ፣ እሳት አንዳጅ፣ ተብሎ ተጽፏል። የሃቭዲስን አወጣች። እዚያም አለ።

ቀኑ ትዝ አላት። ሁለቱን ዝርዝሮች በአንድ ከሰዓት በኋላ ነበር የጻፈችው። ከመርከቦቹ የመጡት ወረቀቶች ጠረጴዛዋ ላይ ተደራርበው ሳለ ስልክ ጮኸ፤ ተነሥታ አነሣችው፤ አንድ ሰው ቁጥር ተሳስቶ ዳቦ ቤት መስሎት ነበር፤ ከተሳሳተው ሰው ጋር ተሳስቃ ተመለሰች። ስትቀመጥ ዐይኗ ያረፈው በሌላኛው ወረቀት ላይ ነው። አንድ መስመር። ከዚያ ወደ ትክክለኛው ተመልሳ ጨረሰች። አላመሳከረችም፤ ምክንያቱም ተሳስታ አታውቅም።

የሣጥኑን በር ይዛ ቆመች። አሥራ አንድ ሰው የሞተው አንድ መስመር ስትስት ነው። ሐሳቡ አልገባ አላት፤ ደጋግማ ብታስበውም የሌላ ሰው ታሪክ ይመስላል። ከዚያ በአንድ ጊዜ የሷ ሆነ።

«ወይዘሪት ኔሴት፣ አሞዎታል?» አለ ትቬተን።

ሁለቱን ወረቀቶች ፊቱ አስቀመጠች፤ በጣቷ አሳየችው። አየ። መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ አጠለቀ፤ ደግሞ አየ። የሞተ ሰው ፊት አይታ ታውቃለች፤ የሱ እንደዚያ ሆኖ ነበር።

«የኛ ወረቀት ነው» አለ በመጨረሻ። «መኮንኑ እጅ የነበረው የኛው ወረቀት ነው። ሊያሳልፏት ሳይሆን ሊያሰምጧት በዚህ ነው የጠበቋት።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ስሙን እርስዎ ጨመሩ። መርከቧን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለና እንደ ደነገጠ ሰው አፉን ያዘ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ የቢሮ ድምፅ ሆነ። «ከምስክሩ ቃል የስም መጥራቱ ነገር ይውጣ። መርከቧን ያሰመጣት ማንነቱ ያልታወቀ ሰርጓጅ ነው ብለው ይጻፉ።»

«አቶ ትቬተን፣ ሃቭዲስስ?»

«ሃቭዲስ ምን ሆነች?»

«ዝርዝሯ በአንድ ቀን ነው የሄደው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ትወጣለች። ሃያ ሁለት ሰው አለባት።»

ትቬተን ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። «ለቆንስሉ ማብራሪያ እጠይቃለሁ። ዛሬውኑ እጽፋለሁ።»

«መልሱ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሦስት ቀን። አራት።»

«እንዲያው ዝም ብለው አትውጡ ይበሏቸው። ስልክ ይደውሉ።»

«ስልኩን ሁለቱም ወገን ያዳምጠዋል።» ዞረ። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። «አስቢው እስቲ። ባስቆማት አንደኛው ወገን ነቅተዋል ይላል፤ ባሕር ላይ ያሉትን ሁሉ ያሰምጣል። ሁለተኛው ወገን ለምን አስቆማችኋት ይላል፤ ይጠይቃል፤ ይደርስበታል። ከሰሉ ይቆማል። የከሰሉ ነገር ሃያ ሁለት ሰው አይደለም፣ ቦርግሂልድ። በዚህ ብርድ የሚሞተው ሰው ሃያ ሁለት አይሆንም።» በስሟ ሲጠራት፣ አንቺም ሲላት የመጀመሪያው ነበር፤ እሱ ግን ልብ አላለውም።

ሊሆን ይችላል፣ እውነቱን ይሆናል። ቆማ ስታየው ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ፣ ያ ሁሉ የተመረጠ ቃል፣ የወረደው ካርታ፣ በአንድ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ሆኖ ታያት። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ ካፖርቷን እንኳ ሳትወስድ ወጣች።

ካፒቴን ሱንደ አግዳሚው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጠች። ጀምራ እስክትጨርስ ፊቱን ቀና ብላ አላየችም። ቃላቱን ፊደል እንደሚቆጥር ሰው አንድ በአንድ አወጣቻቸው፤ ዝርዝሩን፣ ቆንስሉን፣ ስልኩን፣ አሥራ አራተኛውን መስመር፣ ሃቭዲስንና የምትሄድበትን መንገድ።

ስትጨርስ ይጮሃል ብላ ጠበቀች። ቢመታትም አልተከላከለችም ነበር።

«ስንት ሰዓት ነው የሚወጡት?» አለ።

«ስምንት ሰዓት።»

ተነሣ። «ነዪ እንግዲህ» አለ።

ዓሣ ገበያው ዳር ራስሙስ የሚባል ሽማግሌ የሞተር ጀልባውን አስሮ ትንባሆ ያኝካል። ሱንደን ገና ከሩቅ ሲያይ «እንዴት ነው ካፒቴን፣ ያንን የሚያክል መርከብ ውጠህ ደግሞ የኔን ሳጥን ልትውጥ መጣህ?» አለው። ከዚያ ፊቱን አየና ትንባሆውን ተፋ። «የት ነው?»

«ሃቭዲስ ጋ። ከስምንት ሰዓት በፊት።»

«ከስምንት በፊት በክንፍ ነው የሚደረሰው» አለ ራስሙስ፤ አፉ እያጉረመረመ እጁ ገመዱን ይፈታል። «ሴትዮዋስ? ኮት የላትም እኮ። በረዶ ልታደርጋት ነው?» የገዛ ካፖርቱን አውልቆ ወረወረላት። የሄሪንግ ዓሣና የናፍጣ ሽታ አለው፤ ለበሰችው።

ጀልባዋ እየተንተከተከች በደሴቶቹ መሃል ስትሄድ ዝናብ መጣ። ራስሙስ መሪው ላይ ሆኖ ሞተሩን በየተራ ይሰድባል፣ ያባብላል። ሱንደ ለረጅም ጊዜ ውኃውን ሲያይ ቆየና ዞር አለ።

«አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ሰው ስፈልግ ነበር» አለ። «ያ ወረቀት ከምድር ነው የመጣው፤ የሰጠው ሰው አለ። በልቤ መልክ ሠርቼለት ነበር። ወፍራም፣ ቀለበት ያሰረ፣ ቢራ ቤት የሚጋብዝ። ሳገኘው የማደርገውንም አውቄ ነበር። አንቺ ነሽ እንግዲህ።»

«እኔ ነኝ።»

«እጅሽን አሳዪኝ።»

አሳየችው። ጣቶቿ በብርድ ቀልተው የካርቦን ቀለም ጥፍሮቿ ሥር ገብቷል። ለጥቂት ጊዜ አየና ፊቱን ወደ ውኃው መለሰ።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ በጭጋጉ ውስጥ ሃቭዲስ ታየች። የመልሕቅ ሰንሰለቷ እየተንኳኳ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ጎኗ ላይ የኖርዌይ ባንዲራ የቤት ጣራ በሚያህል ስፋት ተሥሏል። ራስሙስ ጀልባዋን ከመርከቧ አፍንጫ ፊት አቁሞ «እንግዲህ ይርገጡን» አለ።

የሃቭዲስ ካፒቴን ከላይ ሆኖ በድምፅ ማጉያው «ከመንገድ ውጡ፣ እብዶች!» ብሎ ጮኸ፤ ኋላ ሱንደን አወቀው። «ኢሌርት? አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። አትውጣ።»

«ማን አዘዘ?»

«ማንም አላዘዘም። አሥራ አንድ ሰው ባሕር የበላብኝ እኔ ነኝ የምልህ። ሬሳቸውን እንኳ አላገኘሁም። የምትሄድበትን መስመር ያውቁታል። ቀኑን ያውቁታል። የእያንዳንዱን ሰውህን ስም ያውቁታል።»

«በምን አወቁ?»

ሱንደ ወደ ቦርግሂልድ አላየም። «አወቁ ነው የምልህ። መስመርህ ከዚህ ደሴት ወደ ሰሜን ሁለት ቀን፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ አይደለም?»

የሰንሰለቱ ድምፅ ቆመ። መርከበኞቹ አንድ በአንድ ወደ ጠርዙ መጡ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ያን መስመር ከካፒቴኑና ከምክትሉ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«አንቶን ሊስጎርድ የሚባል ሰው አለህ?» አለ ሱንደ።

ከማሞቂያው ክፍል አንድ ወጣት ወጥቶ ፊቱን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ አለ። ጥርሱና የዐይኑ ነጭ ብቻ ነው የሚታየው። «አቤት» አለ።

ቦርግሂልድ የጀልባዋን ጠርዝ ጨበጠች። ሱንደ ወደ ላይ አንጋጦ አየው። አሥራ ዘጠኝ ሰው ነፋስ እየመጣበት ታስሮ ሳለ ሲፈለግ የነበረው ሰው ይኸው። ከሱ ጋር ዕዳ የለውም፤ ግን ዐይኑን ከሱ ላይ ሊያነሣ አልቻለም።

«ምን አደረግኩ?» አለ ወጣቱ፣ ግራ ተጋብቶ።

«ምንም» አለ ሱንደ። «ምንም አላደረግክም፣ ልጄ።»

ሃቭዲስ መልሕቋን መልሳ ጣለች።

ወደ ከተማው ሲመለሱ ትቬተን ባርኔጣው ውኃ እያንጠባጠበ ወደቡ ዳር ቆሞ አገኙት። የቦርግሂልድን ካፖርት በክንዱ ይዟል።

«ቆመች?» አለ።

«ቆመች» አለች።

«ስልኩን አንሥቼ ነበር» አለ ትቬተን። «አንድ ሰዓት ሙሉ ይዤው ቁጭ አልኩ። ደወልኩ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። አልደወልኩም።» ካፖርቱን ሰጣት። ከዚያ ወደ ካፒቴኑ ዞሮ «ቃልዎ እንዳለ ይጻፋል። ስም መጥራቱም፣ ወረቀቱም። ከሱ ጋር የኔንም ቃል አያይዛለሁ» አለ። ሱንደ እጁን አልዘረጋለትም፤ እሱም አልጠበቀም።

ቃሉን ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጻፈችው። እያንዳንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አመሳከረች። ትቬተን ፈረመና ወደ ላይ ላከው።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ከላይ ሆነው ያነበቡት ሰዎች ወረቀቱን ዘግተው አስቀመጡት። ለአንደኛው ወገን የተላከው የተቃውሞ ደብዳቤ «ማንነቱ ያልታወቀ ሰርጓጅ መርከብ» ስላደረሰው ጉዳት የተሰማቸውን «ጥልቅ ኀዘን» ይገልጻል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም። ዝርዝር መስጠቱ ግን በዚያው ቀረ። ከሰሉ አልተቋረጠም። ትቬተን የፈራው አልደረሰም፤ ያልፈራው ነው የደረሰው። በግንቦት ጽሕፈት ቤቱ ተዘጋ፤ እሱ ጡረታ ወጣ፤ ቦርግሂልድ «በአጻጻፍ ጥንቃቄ ጉድለት» ተሰናበተች። ደብዳቤውን ስታነብ አልተቃወመችም። እውነት ነበር። ሃቭዲስ አሥራ አንድ ቀን ቆማ ጭነቷን ይዛ በሌላ መስመር፣ የባሕሩን ዳር ዳር ይዛ ወጣች፤ ደረሰችም።

በሰኔ አንድ እሑድ አንድ ወጣት የቦርግሂልድን በር አንኳኳ። ፊቱ ንጹሕ ስለነበረ አላወቀችውም። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ «አንቶን ሊስጎርድ» አለ።

ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። የቀረበለትን ዳቦና ቡናማ አይብ አልነካም።

«ያን ጠዋት የት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ?» አለ። «ቀኑን ካፒቴን ሱንደን ጠይቄ ቆጠርኩት። እዚሁ በርገን ነበርኩ። ፀጉሬን እየተቆረጥኩ። ፀጉር ቆራጩ ስለ አማቱ ያወራል፤ እስቅ ነበር። እዚያ እነሱ ታስረው ስሜ እየተጠራ።»

«አንተ ምንም ጥፋት የለብህም።»

«ሁሉም እንደዚያ ይለኛል።» ባርኔጣውን አዞረ። «አንዱ በኔ ስም አቤት ቢልስ ኖሮ እላለሁ። ማሞቂያው ጋ ስሆን ሌላ አላስብም። አንዱ አቤት ቢል።»

«ይቆጥሯቸው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ።»

«እሱንም አስቤዋለሁ።»

ከዚያ የመጣበትን ነገር ተናገረ። የወጥ ቤቱ የሶልፌስት ሚስት ከዚያው ሠፈር በላይ፣ ኮረብታው ላይ ነው የምትኖረው። ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄዶ ተመልሷል። ብቻውን አልቻለም። ቦርግሂልድም ሦስት ጊዜ ሄዳ ተመልሳ ነበር፤ ይህንን ለማንም አልተናገረችም። አሁን ነገረችው። ባርኔጣውን አደረገ፤ እሷም መሐረቧን አሰረች።

ሴትየዋ ቶርቦርግ ትባላለች። ከቤቷ ጓሮ የልጆች ልብስ እያሰጣች ነበር። በነፋስ የሚውለበለብ ትንንሽ ሸሚዝ በመሃላቸው ሆኖ ተያዩ።

«ይቅርታ፣ እመቤቴ» አለ ወጣቱ። «አንቶን ሊስጎርድ እባላለሁ።»

ቶርቦርግ የልብስ መቆንጠጫ በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «እንደዚህ የሚባል ሰው የለም» አለች ቀስ ብላ። «ካፒቴኑ ነግሮኛል። እንደዚህ የሚባል ሰው የለም።»

«አለሁ» አለ። «ሌላ መርከብ ላይ ነበርኩ።»

«ታዲያ ስምህ እዚያ ምን ይሠራል?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች ቦርግሂልድ። «ተሳስቼ። የመርከቦቹን ዝርዝር የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ስልክ አንሥቼ ስመለስ መስመር ሳትኩ።»

ቶርቦርግ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየች። የሰማችው ወደ ውስጥ ሲገባ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ነገር ቦርግሂልድ በራሷ ላይ ታውቀዋለች። ከዚያ ሴትየዋ የጓሮው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችም። መቆንጠጫውን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«መስመር» አለች ብቻ።

ከውስጥ አንድ ሕፃን አለቀሰ። አንቶን ወደ ሴትየዋ አየና፣ ምንም ስላላለች፣ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ውስጥ ገባ። ቦርግሂልድ መሬት የቀረውን ቅርጫት አነሣች። እርጥቡን ልብስ አንድ በአንድ እያራገፈች ገመዱ ላይ መስቀል ጀመረች። ቶርቦርግ አየቻት፤ አልከለከለቻትም።